በሳርዲን ገንዘብ የተሠራው ቤተ መጻሕፍት

በዓለም ላይ ስማቸው ከገነነ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አንዱ በሳርዲን ገንዘብ ነው የተሠራው ብላችሁ ማን ያምናችኋል? አዎ፣ ያው በቆርቆሮ ታሽጎ ከሱቅ የምንገዛው ሳርዲን። ቤተ መጻሕፍቱ የኦክስፎርዱ ቦድሊያን ነው። ባለታሪኩ ደግሞ ቶማስ ቦድሊ ይባላል፤ ከሞተ 400 ዓመት አልፎታል። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እኔም እናንተም ስንደምርና ስንቀንስ አንዋል።)

ለንደን የምትኖር እህቴን ልጠይቅ በሄድኩ ጊዜ አንዱን ቀን ለኦክስፎርድ ሰጠሁት። በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እውነቱን ልናገርና የወሰደኝ ቶማስ ቦድሊ አይደለም፤ ስሙንም በቅጡ አላውቀውም ነበር። የወሰደኝ ሃሪ ፖተር ነው። የሆግዋርትስ ቤተ መጻሕፍት ሆኖ የተቀረጸው የእውነት ክፍል እዚያ አለ ሲባል ሰምቼ ነው።

ክፍሉ ‹የመስፍን ሃምፍሪ ቤተ መጻሕፍት› ይባላል። ዝም ብሎ ዘው የሚባልበት አይደለም። ትኬት ተቆርጦ፣ አስጎብኚ ተከትሎ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ነው። ውስጡ ጠቆር ያለ እንጨት ነው፤ መደርደሪያዎቹ ከግድግዳው ወደ መሐል ወጣ ወጣ ብለው ቆመዋል፣ በየመሐላቸው መስኮትና ማንበቢያ አለ። ጣሪያው ላይ የዩኒቨርሲቲው አርማ ደጋግሞ ተስሏል። የአሮጌ ቆዳና የእንጨት ሽታ አለው። ገዳም ሄዶ የብራና መጻሕፍት ያሉበት ዕቃ ቤት የገባ ሰው ሽታውን ያውቀዋል።

እኔን የያዘኝ ግን ውበቱ አይደለም። ይህ ክፍል ወደ 50 ዓመት ገደማ ባዶውን የቆመ መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃምፍሪ የሚባል የንጉሥ ልጅ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከ280 በላይ የእጅ ጽሑፎች ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ። ለእነሱ ተብሎ ይህ ክፍል ተሠራ፤ በ1488 ተከፈተ። ከዚያ የሃይማኖት ለውጥ መጣ። በ1550 የካቶሊክ ርዝራዥ ይጥፋ ተባለና መጻሕፍቱ ተጠርገው ወጡ። የተቃጠለው ተቃጠለ፣ የተሸጠው ተሸጠ። በ1556 ደግሞ መደርደሪያውና ወንበሩም ተሸጠ። መጽሐፍ የሌለው ቤት መደርደሪያ ምን ያደርግለታል! ከሃምፍሪ መጻሕፍት በኋላ ተፈልገው የተመለሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ቶማስ ቦድሊ ኦክስፎርድ ለትምህርት ሲገባ ያገኘው ይህንን ባዶ ክፍል ነው።

ልጁ የስደት ልጅ ነው። በ1545 ኤክሰተር በምትባል የደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ ነጋዴና ጽኑ ፕሮቴስታንት ነበር። ካቶሊኳ ንግሥት ሜሪ ዙፋን ላይ ስትወጣና ፕሮቴስታንቶችን ማሳደድ ስትጀምር ቤተሰቡን ይዞ ወደ ጀርመን፣ ከዚያም ወደ ጄኔቫ ሸሸ። ቶማስ በ12 ዓመቱ ጄኔቫ ውስጥ ካልቪን ራሱ ሲያስተምር ተቀምጦ ሰምቷል። ግሪክኛና ዕብራይስጥ የጀመረውም እዚያው ነው። የእኛ ልጆች በ12 ዓመታቸው ምን ላይ እንዳሉ አልናገርም፤ ስልኩ እጃችሁ ላይ ነው።

ሜሪ ሞታ ኤልሳቤጥ ስትነግሥ ቤተሰቡ ተመለሰ። ቶማስ ኦክስፎርድ ገባ፣ ተመረቀ፣ መርተን በሚባለው ኮሌጅ መምህር ሆኖ ግሪክኛ አስተማረ። እንዲህ ያለ ሰው እዚያው አርጅቶ ሊቀር ይችል ነበር። እሱ ግን በ1576 ተነስቶ ወደ 4 ዓመት ያህል አውሮፓን ዞረ። ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ቋጥሮ ተመለሰና የንግሥቲቱ ዲፕሎማት ሆነ።

አሁን ሳርዲኗ ትምጣ።

በ1586 አን የምትባል ሀብታም ባልቴት አገባ። የሞተው ባሏ ቶትነስ የሚባል ከተማ ነጋዴ ነበር፤ ሀብቱንም ያካበተው በዚያ አካባቢ ባሕር በገፍ ከሚጠመደው ሳርዲን ነው። ስለ ጋብቻው ድሮ የሚወራ ቀልድ አለ። አንድ ሌላ ጠያቂ ከአን ጋር ካርታ ሲጫወት ጉዳይ ይገጥመውና ለቦድሊ እስክመለስ ካርታዬን ያዝልኝ ብሎ ይወጣል። ቦድሊ ካርታውን ያዘ፤ ሰውየው ሲመለስ ግን ሴትዮዋን አጥቷታል። እውነት ይሁን ፈጠራ ለማረጋገጥ አይቻልም። ብቻ ዲፕሎማት ላይ የሚወራ ወሬ መሆኑ ያስታውቃል።

አን ከመጀመሪያ ባሏ 7 ልጆች ነበሯት። ከቦድሊ ልጅ አልወለደችም። ይህቺን ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ እንመለስባታለን።

ቦድሊ ከ1588 ጀምሮ እስከ 1597 ድረስ የእንግሊዝ ተወካይ ሆኖ ሔግ ተቀመጠ። ሆላንዶች ከስፔን ጋር የሚዋጉበት ጊዜ ነው፤ ንግሥቲቱ ደግሞ ገንዘብ መስጠት የማትወድ፣ ስትሰጥም የምትቆጥር። ከሁለቱ መሐል መቆም አሰለቸው። አገሩ ሲመለስ ትልቅ ሹመት ይጠብቀው ነበር፤ ያበላሸበት ግን ሙገሳ ነው። በቤተ መንግሥቱ ሁለት ጎራ አለ፦ አንደኛው አዛውንቱ ሚኒስትር በርሊና ልጃቸው፣ ሌላኛው ወጣቱ መስፍን ኤሴክስ። ኤሴክስ ቦድሊን በሄደበት ሁሉ ያሞግሳል፣ በዚያው አፉ የበርሊን ልጅ ያጥላላል። ከልጃቸው ጎን ሊያስቀምጡት አስበው የነበሩት በርሊ ጠረጠሩትና እጃቸውን ሰበሰቡ። ሲመሰገን የተጎዳ ሰው ማለት ይሄ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነገር።

ቦድሊ አልተለማመጠም። ፖለቲካውን ጥሎ ወጣ። የቀረውን ዕድሜውን በምን ላይ እንደሚያውለው ሲያስብ ያ የልጅነቱ ባዶ ክፍል ትዝ አለው። በየካቲት 1598፣ 53 ዓመት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት፣ ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጻፈ፦ ክፍሉን በራሴ ወጪ አድሳለሁ፣ መደርደሪያ አስገባለሁ፣ መጽሐፍ እሞላለሁ የሚል። በኋላ በጻፋት አጭር የሕይወት ታሪክ፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉ 4 ነገሮች እንዳሉት ቆጥሯል። ዕውቀት፣ ገንዘብ፣ ወዳጅ እና ጊዜ። ዕውቀቱ የጄኔቫ ነው፣ ወዳጆቹ የዲፕሎማትነቱ፣ ጊዜውን በርሊ ሰጡት። ገንዘቡ ብዙው ከአን ነው።

ወዳጆቹን እንዴት እንደጨመቃቸው ደግሞ ስሙ። ትልቅ፣ ያማረ የለጋሾች መዝገብ አሠርቶ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ አኖረው። መጽሐፍ የሰጠ ስሙ ይሰፍራል። ያልሰጠ? ስሙ እንደሌለ ሁሉም ያያል። የዕድር መዝገብ ነው በሉት። ሠራ! ቤተ መጻሕፍቱ ኅዳር 8 ቀን 1602 ሲከፈት ከ2 ሺህ በላይ መጻሕፍት ነበሩት። በ1605 የታተመ ካታሎግ ወጣለት።

ጠባዩ ግን ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ቶማስ ጄምስ ይባላል፤ ቦድሊ ለዚህ ሰው የጻፋቸው ከ200 በላይ ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። ስለ ካታሎጉ፣ ስለ መጻሕፍቱ መጠረዣ፣ ስለ ሰንሰለቱ። ሰንሰለት ያልኩት ለምሳሌ አይደለም፤ መጻሕፍቱ እንዳይሰረቁ የእውነት በሰንሰለት ከመደርደሪያው ጋር ይታሰሩ ነበር። አለቃችሁ በቴሌግራም ሌሊት መልእክት ይልክባችኋል ብላችሁ የምታማርሩ፣ ጄምስን አስቡት። ቦድሊ ኃላፊው ሚስት እንዳያገባ ሁሉ ፈልጎ ነበር፤ ትዳር ከሥራ ያዘናጋል ባይ ነው። በባልቴት ገንዘብ ቤተ መጻሕፍት የሠራ ሰው! ጄምስ ግን ካላገባሁ አለ፣ ቦድሊም በግድ ተሸነፈ።

ሕጎቹም እንደሱ ናቸው። አንባቢ ሲመዘገብ ቃል ይገባል፤ እሳት ላያስገባ፣ ላያቀጣጥል። ከ200 ዓመት በላይ ቤቱ ማሞቂያ አልነበረውም፤ በእንግሊዝ ብርድ! ያ ፊልም ላይ ልጁ በሌሊት ፋኖስ ይዞ በመደርደሪያዎቹ መሐል ሲሄድ ቦድሊ ቢያይ ምን እንደሚሆን እያሰብኩ ለብቻዬ ሳቅኩ። ይህ ቃል መግባት ዛሬም አለ፣ እሳቱም እንደተከለከለ ነው።

ሌላው ሕግ መጽሐፍ ከቤቱ አይወጣም የሚለው ነው። ለማንም። በ1645፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ኦክስፎርድን መናገሻው አድርጎ ተቀምጧል። አንድ መጽሐፍ ተውሶ ሊያነብ ፈለገና ላከ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መጽሐፉን ሳይሆን የቦድሊን ሕግ ይዞ ሄደና አሳየው። ንጉሡ አነበበ፣ ተቀበለ፣ መጽሐፉን ተወው። ከዓመታት በኋላ የዚያ ንጉሥ ጠላት የነበረው ክሮምዌልም ጠየቀ፤ እሱም ከለከሉት። እኔ እዚህ ጋ ቆሜ ትንሽ ቀናሁ። ማን ነው አለቃው ሳይባል የሚሠራ ሕግ ያስቀናል።

ወደ ቦድሊ ልመልሳችሁ፤ የዚህን ሰው ጭንቅላት የሚያሳየው ምን እንደገዛና ምን እንዳልፈለገ ነው። በ1604 የቻይንኛ መጻሕፍት መግዛት ጀመረ። እንግሊዝ አገር ውስጥ ቻይንኛ የሚያነብ አንድ ሰው አልነበረም! የትኛው ወደ ላይ የትኛው ወደ ታች እንደሆነ እንኳን የሚያውቅ የለም። አንድ የተማረ ቻይናዊ እግሩ ወደዚያ ደርሶ መጻሕፍቱ ምን ምን እንደሆኑ እስኪናገር እስከ 1687 ድረስ ቆዩ። ከ80 ዓመት በላይ ማለት ነው። ቦድሊ ይህን ሲገዛ አንባቢው እንደሚመጣ አምኖ ነው፤ እሱ እንደማያየው እያወቀ።

ከእኛም አገር አንድ መጽሐፍ በዚሁ ቤት ተራውን ጠብቋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ እንደነበር በትምህርት ቤት ተምራችኋል። ሲመለስ የመጽሐፈ ሄኖክን ሦስት ግልባጮች ይዞ ሄደ። አንዱን ለራሱ አስቀረ፣ አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለቦድሊያን ሰጠ። ሄኖክ አውሮፓውያን ጠፋ ብለው ተስፋ የቆረጡበት መጽሐፍ ነው። ሙሉው የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ የእኛ አባቶች በእጃቸው እየገለበጡ ስላኖሩት። ቦድሊያን የገባው ግልባጭ ግን ወደ 50 ዓመት ገደማ ዝም ብሎ ተቀመጠ። በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ የሚባል የኦክስፎርድ የዕብራይስጥ ፕሮፌሰር ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳተመው። በ1843 ደግሞ ብሩስ ለራሱ ያስቀራቸው የግዕዝ ጽሑፎችም ተገዝተው እዚያው ገቡ። ስለ መቅደላው ዘረፋ ስናወራ የሚሰማኝ ቁጣ እዚህ ጋ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ዛሬ እኔ ግዕዝ ማንበብ ሳልችል የቱ ጋ ቢቀመጥ ለእኔ ልዩነቱ ምንድን ነው?

የማያነበውን ቻይንኛ የገዛው ያ ሰው ግን፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚያነበውን መጽሐፍ አልፈለገም።

በታኅሣሥ 1610 ከለንደን የአታሚዎች ማኅበር ጋር ተዋዋለ። በማኅበሩ አባላት ከሚታተም አዲስ መጽሐፍ ሁሉ አንድ ቅጂ በነጻ ለቤተ መጻሕፍቱ ይሰጣል። ዛሬ በብዙ አገር ሕግ የሆነው፣ እኛም አገር ወመዘክር ቅጂ የሚቀበልበት አሠራር ከቀደምት መልኮቹ አንዱ ይሄ ነው። ቦድሊ ውሉን ባገኘ በዓመቱ ግን የሚላክለትን ሲያይ ደነገጠ። የዘመን መቁጠሪያ! ተውኔት! ለጄምስ ተቆጥቶ ጻፈ፤ እንዲህ ያለ ውዳቂ ቤቱ ውስጥ እንዳይገባ፣ ሰው ቢሰማ ቤተ መጻሕፍቱን ያዋርደዋል አለ። ከ40 ተውኔት አንዱ ቢቀመጥ ነው በሚል ስሌት። ይህን ሲጽፍ ዓመቱ 1612 ነው። ሼክስፒር የሚባል ሰው በሕይወት አለ፣ ለንደን ውስጥ ተውኔቶቹ እየታዩ ነው።

በእሱ ልስቅ ስል አገሬ ትዝ አለችኝ። እኛስ? ቆሎ የምንገዛባት ወረቀት ምንድን ናት? የአንድ ሰው ደብተር፣ የድሮ መጽሔት ገጽ፣ የፈተና ወረቀት። እኔ አንዴ ኦቾሎኒ ከበላሁ በኋላ ግማሹ የተቀደደ ልብ ወለድ አንብቤ መጨረሻውን ሳላውቅ ቀርቻለሁ። በግዕዝ የተጻፈ ብራና ስናይ ኮፍያ እናወልቃለን፤ በአማርኛ ትናንት የታተመ ነገር ግን መጠቅለያ ነው። ቦድሊም ያው ነው። ላቲን፣ ግሪክ፣ ዕብራይስጥ ሲሆን ክብር፤ ሕዝቡ በሚናገረው እንግሊዝኛ የተጻፈ ተውኔት ሲሆን ውዳቂ።

ቦድሊ ጥር 28 ቀን 1613 ለንደን ውስጥ ሞተ። አን ሁለት ዓመት ገደማ ቀድማው ነበር የሞተችው። ኑዛዜው ሲከፈት ሀብቱ አብዛኛው ለቤተ መጻሕፍቱ ሆኖ ተገኘ። የአን ልጆች ደግሞ በእናታቸውና በአባታቸው ገንዘብ ላይ የደረሳቸው ጥቂት ነበር። ያኔ የሚያውቁት ሰዎች በደብዳቤ ሲያሙት ተገኝተዋል፦ ለስሙ ብሎ የገዛ ቤቱን፣ አገልጋዮቹን፣ የእንጀራ ልጆቹን ረሳ እያሉ። ሐሜቱ ሐሰት አይመስለኝም። መርተን ኮሌጅ ጸሎት ቤት ውስጥ ያለው መቃብሩ ግራና ቀኙ የተደራረቡ መጻሕፍት ቅርጽ ባላቸው ምሰሶዎች የተሠራ ነው፤ በቀብሩ ማግስትም የቤተ መጻሕፍቱ ማስፋፊያ ግንባታ ተጀመረ። በሩ ላይ የእሱ ስም አለ። የሳርዲን ነጋዴው ስም የለም፣ የአንም የለም። ይሄ እስካሁን ይከነክነኛል።

ሰውየው ሞተ፣ ውሉ ግን አልሞተም። በ1623 የሼክስፒር ተውኔቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ትልቅ ጥራዝ ተሰብስበው ሲታተሙ በዚያው በ1610ሩ ውል መሠረት አንድ ቅጂ ለቦድሊያን ተላከ። ጄምስ ሥራውን ከለቀቀ ቆይቷል፣ የሚከለክል የለም። ተጠረዘ፣ በሰንሰለት ታሰረ፣ ለአንባቢ ቀረበ።

ታሪኩ ግን አላለቀም። በ1660ዎቹ አዲስ እትም ወጣና አሮጌው ትርፍ ነው ተብሎ ከሌሎች ትርፍ መጻሕፍት ጋር ተሸጠ። ከዚያ ጠፋ። ከ240 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1905፣ አንድ የኦክስፎርድ ተማሪ ቤተሰቡ ያለውን አሮጌ መጽሐፍ ይዞ ስለ ጥገናው ምክር ሊጠይቅ ቦድሊያን መጣ። ሠራተኞቹ ሽፋኑን አዩ፣ ሰንሰለቱ የነበረበትን ምልክት አዩ። የራሳቸው መጽሐፍ ነው! ወዲያው አንድ ስሙን የደበቀ ገዢ 3 ሺህ ፓውንድ አቀረበ፤ ሄንሪ ፎልጀር የሚባል አሜሪካዊ የነዳጅ ሀብታም መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ያን ያህል ገንዘብ ለአንድ መጽሐፍ አውጥቶ አያውቅም። ለሕዝብ ጥሪ ተደረገ፣ ከየአቅጣጫው ተዋጣ፣ በ1906 መጽሐፉ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቦድሊ ውዳቂ ላለው።

ዛሬ ቦድሊያን ከ13 ሚሊዮን በላይ የታተሙ ነገሮች አሉት። ኦክስፎርድ አልበቃ ብሎ ብዙው ስዊንደን በምትባል ሌላ ከተማ መጋዘን ውስጥ ነው፤ አንባቢ ሲያዝ በመኪና ይመጣል። የዘመን መቁጠሪያውም፣ የልጆች ኮሚክሱም፣ ሁሉም አለ።

ያ የሼክስፒር ጥራዝ ደግሞ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነስቶ ኢንተርኔት ላይ ተለቋል፤ በስልካችሁ ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ስታዩት ገጾቹ እኩል እንዳላረጁ ልብ በሉ። ሰንሰለት ላይ በነበረባቸው በእነዚያ 40 ዓመታት የወጣት ተማሪዎች እጅና ክርን ያለበሳቸው ቦታዎች አሉ። ከሁሉም በላይ የነተበው ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱልን ያ የፍቅር ታሪክ፣ ሮሜዎና ዡልዬት ነው፤ በተለይ ልጅቷ ሰገነት ላይ ሆና ከልጁ ጋር በሌሊት የምታወራበት ገጽ አካባቢ።